በእርሳስ የተጻፈች እህት

ቅዳሜ ጠዋት፣ ቃሊቲ

የዘር ሐረግ ስለሚቆጥሩ ሰዎች አንድ ጽሑፍ ጽፌ ነበር። ባጭሩ፣ ራሱ ያልሠራውን ሥራ በአያቱ ስም ለማስቆጠር የሚሞክር ሁሉ ሰነፍ ነው የሚል ነበር። ጽሑፉ በወጣ በሳምንቱ አንዲት ሴትዮ ከአዳማ ደወሉልኝ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ይባላሉ፤ አልተቆጡም። ሠላሳ ዓመት በትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ መውጣታቸውን፣ አሁን ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በሰፈራቸው የእድር አዳራሽ ሰዎች የቤተሰባቸውን ታሪክ እንዴት እንደሚያጠኑ እንደሚያስተምሩ ነገሩኝ። «መጥተህ እይና ከዚያ ብትሰድብ ይሻላል» አሉ። እኔም በደንብ ለመሳደብ ተነሣሁ።

ሚኒባሱ ሁለት መቶ ሰማንያ ብር አስከፈለኝ። ታሪፉ ፊት መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፤ ቁጥሩን ግን ፀሐይ በልታዋለች፤ ረዳቱም በዚህ ፀሐይ ላይ ቅሬታ ያለው አይመስልም። ፈጣን መንገዱ ሞጆ ድረስ እንቅልፍ ያስወስዳል። ሞጆ ላይ የቆዳ ፋብሪካው ሽታ ቀስቅሶኝ ስነሣ፣ ከመስኮቱ ውጭ የደረቅ ወደቡ ኮንቴይነሮች ተደራርበው ቆመዋል። እያንዳንዱ ሣጥን ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደላከው፣ ማን እንደሚረከበው ወረቀት አለው። ሰው ግን እንዲህ ዓይነት ወረቀት የለውም፤ ስሙ፣ አባቱ፣ አያቱ፣ ከዚያ ጨለማ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ፣ የእድሩ አዳራሽ

አዳማ እንደ ሁልጊዜው ይሞቃል። ባጃጁ ያወረደኝ ባንድ በኩል ታጥፎ የተቀመጠ ድንኳን፣ በሌላው በኩል የለቅሶ ብረት ድስት የተደረደረበት ቆርቆሮ አዳራሽ በር ላይ ነው። አሥራ አራት ተማሪዎች አግዳሚው ሲጠባቸው ሦስቱ ድንኳኑ ላይ ተቀምጠዋል። የሞቱ ዘመዶቻቸውን የሚፈልጉት፣ እነሱ ሲሞቱ የሚተከልላቸው ድንኳን ላይ ቁጭ ብለው ነው። ይህን ለጽሑፌ ያዝኩት።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ተማሪዎቻቸው እንደሚሏቸው እትዬ ጥሩ፣ ቀጭን ናቸው፤ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ያን ቀን የሚያስተምሩት የአባት ስም ለምን እንደማይታመን ነበር። ልጅ ወላጅ ሲሞትበት አጎት ወደ ከተማ ያመጣዋል፤ መዝገብ ቤት ቀርቦ የአባት ስም ሲጠየቅ አጎት የራሱን ይሰጣል፤ ልጁም በዚያው ይቀራል።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አሉ ለተማሪዎቹ። «የስንቱን ጻፍኩ መሰላችሁ። እያወቅኩ።»

ስለዚህ አሁን ደንብ አላቸው። በክፍሉ ትልቅ መዝገብ ላይ ማንም ሰው መጀመሪያ በእርሳስ ይገባል። ሁለት ምስክር ሲገኝለት በእስክሪብቶ ይደመቃል። ያልተሳካ ፍለጋም በእስክሪብቶ ይጻፋል፤ የሄዱት ሁለት ሰዎች ይፈርሙበታል፤ ሌላው ወደዚያው ሄዶ በከንቱ እንዳይደክም።

ለመሳቅ ነበር የሄድኩት፤ ሳቅኩም፣ ግን እነሱ ቀድመውኝ ነበር የሚስቁት። አንድ የሞጆ ደረቅ ወደብ ትራንዚተር አያቱን በአሮጌ የፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ በአህያ ሌብነት ተከስሶ አግኝቶታል። ደስታው ልክ የለውም። «የናንተ አያቶች ጨዋ ስለነበሩ ማንም አልጻፋቸውም፤ የኔ ግን ሙሉ ስሙ ከነአያቱ ተቀምጧል» እያለ ይኮራባቸዋል። አንዷ ደግሞ በአህያዋ በኩል ስንት ቤት እንደሚቆጥር ጠየቀችው።

ከትምህርቱ በኋላ እትዬ ጥሩ ከጋሽ ቶሎሳ ጋር ምሳ አበሉኝ። ጋሽ ቶሎሳ ልብስ ሰፊ ነው፤ ወደ ስድሳው እየተጠጋ ነው፤ ደም ግፊቱ እግሮቹን አሳብጧቸዋል። ሐኪም ጨው ስለከለከለው ሽሮውን ለብቻ አሠርተውለት እንደ መድኃኒት ይውጠዋል፤ ዓይኑ ግን ከጨው ዕቃው ላይ አይነሣም። ስምንት ዓመቱ ላይ እናትና አባቱ በአንድ ክረምት ሞቱ። እሱን አንዱ አጎቱ ወርቁ ወደ አዳማ አመጣው። በሁለት ዓመት የምትበልጠውን እህቱን ዲንቄን ሌላው ወሰዳት፤ ወዴት እንደሆነ ማንም አልነገረውም። አጎቱ ትምህርት ቤት ሲያስመዘግበው ልጁ፣ አባቴ ጉደታ ነው አለ። አጎቱ ትከሻውን ጨበጥ አደረገው። መዝገብ ቤት ውስጥ የነበረችው ወጣት ጸሐፊም ቶሎሳ ወርቁ ብላ ጻፈች።

ያቺ ጸሐፊ እትዬ ጥሩ ናቸው። ይህን ሲናገር እሳቸው የጎረሱትን ማላመጥ አቆሙ። እሱ ግን በቀልድ መልክ፣ «አጻጻፏ ግን ያምር ነበር» አለኝ።

ትራንዚተሩ ባለፈው ሳምንት ከመቂ የአንድ እድር መዝገብ ገልብጦ አምጥቷል። «ሟች ሁንዴ፣ ልጅ ዲንቄ» ይላል። የአባት ስሙ ባይገጥምም ዕድሜው ይገጥማል። የጋሽ ቶሎሳ እግር ግን ለሚኒባስ አይገጥምም። እትዬ ጥሩ በማግስቱ ሊሄዱለት ቆርጠዋል። አብሬያቸው እንድሄድ ሲጠይቁኝ፣ ሳቄ ስላልበቃኝ ይሆናል፣ እሺ አልኩ።

እሑድ፣ ወደ መቂ

ሞጆ ላይ መኪና ቀየርን። ቆቃ ድልድይ አጠገብ ልጆች የተጠበሰ ዓሣ ወደ መስኮቱ ዘረጉ፤ እትዬ ጥሩ ሁለት ገዙና አንዱን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። በጋዜጣው ላይ የኔ ጽሑፍ አለመሆኑን አረጋገጥኩ። ሐይቁ ሰፊና ጸጥ ያለ ነው። ሳይገደብ በፊት መሬት ነበር፤ ሰው ያርስበት ነበር፤ አሁን መብራት ነው። ከተሳፋሪው መካከል ከሥሩ ማን ይኖር እንደነበር የሚያስብ ቢኖር እትዬ ጥሩ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም የዓሣውን እሾህ እየለቀሙ ነበር። ከዓለም ጤና በኋላ ሽንኩርት የጫኑ አይሱዙዎች መንገዱን ያዙት። መቂ ስንደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። በጋሪ ወደ ዝዋይ ሐይቅ አቅጣጫ ግማሽ ሰዓት ሄድን። መንገዱን ሁሉ ስለ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ እያወራን ስለነበር፣ ደርሰን ሽበታም ሴት ስናገኝ አንቱ ማለት አቃተኝ።

ዲንቄ በር ላይ ቲማቲም እየለየች ሣጥን ትሞላለች። እትዬ ጥሩ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀመሩ፤ «አካም» እየተባለ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ መጠያየቁ ረዘመ። የመጣንበትን ሲናገሩ የሴትዮዋ እጅ ቲማቲሙ ላይ ቆመ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ፣ «የአጎቴ ልጆች ናቸው የላኳችሁ?» አለች።

ነገሩን ቀስ በቀስ ነው የተረዳነው። የወሰዳት አጎት ለሁንዴ ሰጣት፤ ሁንዴ ልጅ አልነበረውም፤ በጉዲፈቻ፣ በሽማግሌዎች ፊት፣ ልጄ ነሽ ብሎ ወሰዳት። በዚህ ባህል እንዲህ የተወሰደ ልጅ ከተወለደ አይለይም፤ ከየት መጣ ተብሎ ማንሣትም ነውር ነው። ሁንዴ ሲሞት ግን ሐይቁ ዳር ያለው መስኖ የሚገባው መሬት ዋጋ አውጥቶ ነበር። የወንድሙ ልጆች፣ ከሱ አልተወለደችም ብለው ከሰሷት። እሷም በሽማግሌ ፊት ቀርባ፣ ከሁንዴ ሌላ አባት፣ ከሱ ቤት ውጭ ወንድም የለኝም ብላ ማለች።

እትዬ ጥሩ ጉዲፈቻ በሕግም የታወቀ መሆኑን ለማስረዳት ሞከሩ።

«ሕጉስ እውነትዎን ነው» አለች ዲንቄ። «ዳኛው ግን ወረቀት አምጪ ይላል። ያኔ ወረቀቱ ሽማግሌዎቹ ነበሩ፤ እነሱም አልቀዋል። አሁን ከአዳማ የጉደታ ልጅ፣ እህቴ ናት ብሎ ቢመጣ ልጆቼ የት ይግቡ?»

«እንግዲያው አንቺ ነሽ» አሉ እትዬ ጥሩ።

«እኔ የሁንዴ ልጅ ነኝ።»

ውሃ አቀረበችልን፤ ጠጣን። ስንነሣ ሁለት ፓፓያ ከጓሮ ቆርጣ በፌስታል አድርጋ ጋሪው ድረስ ሸኘችን። እትዬ ጥሩ ሲሳፈሩ የጋሪውን ብረት ይዛ ቆመች።

«ሰውየው ታሟል አላችሁኝ። በሽታው ምንድን ነው?»

እግሩ እንደሚያብጥ፣ ደም ግፊት እንደሆነ ነገርኳት።

«ጨው ከልክለውት ይሆናል» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «እሱ ጨው አይቶ አያልፍም። የከብቶቹን ጨው እየሰረቀ ይልስ ነበር። እኔ ነበርኩ የምገረፍለት።» ከዚያ ብረቱን ለቀቀች። «ሞታለች በሉት። አልቅሶ ይውጣለት።»

«ሞታለች ካልነው እድሩ ድንኳን ይተክላል» አሉ እትዬ ጥሩ። «እሱም መቃብሯን አሳዩኝ ይላል።»

«እንግዲያው አላገኘናትም በሉት።»

ባለጋሪው ፈረሱን ነካ አደረገው። እትዬ ጥሩ እስከ መቂ አስፋልት ድረስ ፌስታሉን ጭናቸው ላይ ይዘው ሄዱ።

እሑድ ማምሻ፣ አዳማ

ጋሽ ቶሎሳ እትዬ ጥሩ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጠበቀን። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ ራሱ ሰፍቶት ይሆናል። ፊታችንን አይቶ ቀድሞን ተናገረ።

«የለችም።»

«አላገኘናትም» አሉ እትዬ ጥሩ። «ስሙ ብቻ ነው የገጠመው።»

አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ መዝገቡን አምጡ አለ፤ ደንቡ ደንብ ነው፤ ሌላ ሰው መቂ ድረስ በከንቱ አይድከም። እትዬ ጥሩ መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉ። የዲንቄ ስም በእርሳስ፣ በዚያ በሚያምር አጻጻፋቸው ተቀምጧል። መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ። ከዚያ በእስክሪብቶ፣ «መቂ ተፈልጋ አልተገኘችም» ብለው ጻፉና ፈረሙ። መዝገቡን ወደ እኔ ገፉት። ዓይኔን አላዩም።

ባልፈርም ምን እንደምል አላወቅኩም። ብፈርም ግን ከእንግዲህ ማንም መቂ አይፈልጋትም። ፈረምኩ።

ጋሽ ቶሎሳ ፊርማዎቹን በጣቱ ተከትሎ አነበበና ፌስታሉን አየ። ፓፓያውን ከየት እንዳመጣነው ጠየቀ። ከመቂ ገበያ አልኩት። እትዬ ጥሩ ቆረጡለት፤ በዝግታ በላ። «ይሄ ጨው አያስፈልገውም» አለ። ልጣጩን ወደ ጎን አድርጎም፣ «እንግዲህ ዝዋይ ነው የቀረን» አለ። እትዬ ጥሩ የፓፓያውን ፍሬ ለመጣል ወደ ጓሮ ወጥተው እስክሄድ ድረስ አልተመለሱም።

ሰኞ፣ ቤት

ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ተመለስኩ። ፀሐይ የበላችው ታሪፍ አሥር ብር ጨምሯል። ሞጆ ላይ ኮንቴይነሮቹ እያንዳንዳቸው ከነወረቀታቸው ቆመዋል።

ያሰብኩትን ጽሑፍ አልጻፍኩም። የዘር ቆጠራ የሰነፎች ውሸት ነው ብዬ ነበር፤ ስንፍናውን ተሳስቻለሁ፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ያገኘኋቸው ሰዎች ከኔ ይልቅ ይደክማሉ። ውሸቱን በተመለከተ ግን ከእንግዲህ የመናገር መብት የለኝም። የአንድ ሕፃን የአባት ስም በሐሰት ሲጻፍ እትዬ ጥሩ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበሩ፤ አጎትየው ፊታቸው ቆሞ ነበር። እኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ማንም ትከሻዬን አልጨበጠኝም። እውነት ብትነገር ቤት የምታፈርስበት፣ ሐሰት ብትጻፍ ወንድምን ያለ እህት የምታስቀርበት ጊዜ እንዳለ፣ ከሁለቱም የሚሻል ሦስተኛ መንገድ ደግሞ እንደማይኖር ነው የተማርኩት። ለዚህ ትምህርት አዳማ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር።

ሐሙስ ዕለት ጋሽ ቶሎሳ ደወለ። እትዬ ጥሩ ጉልበታቸውን አሟቸው እምቢ እንዳሉት ነገረኝ። ከትራንዚተሩ ጋር ዝዋይ እንድሄድለት ነው የፈለገው። ለምን እኔን እንደመረጠኝ ጠየቅኩት።

«ሁለት ፈራሚ ያስፈልጋል» አለኝ። «አንተ ደግሞ የምትታመን ሰው ነህ።»