ምንጩን የጠጣው የአባቴ ባሕር ዛፍ

ለባለቤቴ ለቅሶ ዳስ ሊጥሉ የመጡት ሰዎች አጠናውን ደጅ ላይ ሲያራግፉት፣ ገና እርጥብ ስለነበር የባሕር ዛፍ ሽታ ቤቱን ሞላው። በዚያ ቀን ሌላ የማስታውሰው ነገር ትንሽ ነው። ያ ሽታ ግን ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ ተዳፋት ላይ ወዳለው የአባቴ ማሳ ይዞኝ ሄደ።

ልጅ ሳለሁ የውሃ መንገዳችን አጭር ነበር። ከቤታችን ዝቅ ብሎ ከድንጋይ ስር የሚፈልቅ ምንጭ ነበረን። ዳሩን ናና ስለከበበው ውሃው ራሱ ናና ናና ይሸታል። ጠዋት ጠዋት እንስራችንን ደርድረን፣ ተራችን እስኪደርስ ቅልብልቦሽ እንጫወታለን።

የእንጨቱ መንገድ ግን ሌላ ነበር። መንግሥት በተለወጠ ጊዜ በአቅራቢያችን የነበረው የገበሬ ማኅበር ደን ጠባቂ አጣና ሁሉም መጥረቢያውን ይዞ ወጣበት፤ በጋው ሳያልቅ ኮረብታው ተራቆተ። ከዚያ ወዲያ እናቶቻችን ለማገዶ ከኮረብታው ማዶ ያለውን ገደል መውጣት ግድ ሆነባቸው። እናቴ ሳይነጋ ወጥታ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፊቷ ከሸክሙ ስር ሳይታይ ትመለሳለች። አንድ ቀን ሆዷ ገፍቶ ሳለ ከነሸክሟ ወደቀች። ልጁ አልተረፈም። በቤታችን ስለዚያ ልጅ የሚያወራ አልነበረም። አባቴ ብቻ፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ከምንጩ በላይ ያለውን መሬት ቆፍሮ ባሕር ዛፍ ተከለበት። እርጥበት ስላለው ቶሎ ይደርሳል ብሎ ነው።

ደረሰም። እናቴ ገደል መውጣቷን ተወች። የሚረግፈው ቅጠልና ጭራሮ ብቻውን ምድጃችንን ያነድ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ የተላጠውን ቅርፊት መሰብሰብ ለኔ ጨዋታ ነበር፤ ጉንፋን ሲይዘኝም እናቴ ቅጠሉን አፍልታ በጋቢ ሸፍና ታጥነኛለች።

ምንጩ ግን እየደከመ ሄደ። መጀመሪያ በሚያዝያ ብቻ፣ ኋላ ኋላ ከጥር ጀምሮ። አንድ እንስራ እስኪሞላ ረጅም መጠበቅ መጣ። እኛ ልጆቹ የጨዋታው ሰዓት ስለረዘመልን ደስ አለን። የገባቸው ሴቶቹ ናቸው። አንድ ቅዳሜ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ የሰፈሩን ሴቶች አስከትለው መጡ።

«አያ ይመር፣ ወላሂ አንቱስ ሰካራም ነው የተከሉብን» አሉት አባቴን። «ሌሊቱን ሲጨልጥ ያድርና ጠዋት ለኛ አተላውን ይተውልናል።»

ሴቶቹ ሳቁ። አባቴም ሳቀ። የሰው ፊት ማስቀየም የማይችል ሰው ነበር። ከፋሲካ በኋላ ቆርጦ ጉቶውን እንደሚነቅል ነገራቸውና ምርቃት ጀመሩ። ያኔ እናቴ ከጓዳ ወጣች።

«አይቆረጥም» አለች።

እትዬ ዘይነባ ቀልድ መሰላቸው። «አንቺ ዘርፌ፣ ቤትሽ ውሃ አይጠጣም እንዴ?»

«ይጠጣል። ወንዝ ወርጄ እቀዳለሁ፤ ቢርቅም ሜዳ ነው። ያን ገደል ግን ሁለተኛ አልወጣም። እዚያ የቀረብኝን አንቱ ያውቃሉ፤ ደግፈው ያወረዱኝ አንቱ ነዎት።»

እትዬ ዘይነባ ሻሻቸውን ሳብ አድርገው «በቃ፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ» ብለው ሴቶቹን ይዘው ወጡ። ዛፉ ሳይቆረጥ ቀረ። ምንጩም ደረቀ።

ከዚያ በኋላ ሁላችንም ጀሪካን አዝለን ወንዝ ወረድን። እትዬ ዘይነባ በደጃችን ሲያልፉ ሰላምታቸውን አንድም ቀን አልነፈጉንም። እናቴ ከወደቀው ጭራሮ ለየቤቱ እስር እስር አድርጋ አጥሩ ስር ታስቀምጣለች፤ ሴቶቹም እየመጡ ይወስዳሉ። እኔ ግን በዚያን ጊዜ እናቴ የጨከነች ይመስለኝ ነበር። ጀርባዬ ሲቆስል የማማው እሷን ነበር።

አሁን እናቴም አባቴም የሉም፤ መሬቱ በኔ እጅ ነው። ዛፉ ስንት ጊዜ ተቆርጦ ስንት ጊዜ ከጉቶው እንዳቆጠቆጠ እንጃ። ከባለቤቴ አርባ በኋላ የሰፈሩ ሴቶች ሊያጽናኑኝ እኔ ወደምኖርበት ሐይቅ ከተማ ድረስ መጡ። ከአረብ አገር የተመለሰችው የእትዬ ዘይነባ ልጅ ሐዋ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ጉቶው ቢነቀል ምናልባት ምንጩ ይመለስ ይሆን ብላ በቀስታ ጠየቀችኝ። ሌላዋ ሰምታ «ማገዶውንስ ከየት ልታመጪልን ነው፣ ከጅዳ?» አለቻት። ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተው ተከራከሩ። እኔም «የምትሸከሙት እናንተ ናችሁ፣ የተስማማችሁበትን አድርጉ፣ መሬቱን አልከለክልም» አልኳቸው። ሳይስማሙ ሄዱ፤ እስካሁንም የሰማሁት ነገር የለም።

ያኔ በኛ ቤት ውሃውም እሳቱም ከሰው ወገብ የሚወጣ ነበር። ዛሬ እኔ የውሃ ተራዬ ሲደርስ ቧንቧዬን ከፍቼ እቀዳለሁ፤ መብራት ካለ የኤሌክትሪክ ምድጃዬን አበራለሁ። እናቴ ይህን ብታይ ምን ትል እንደነበር አስባለሁ። ከዚያ ድስቱን እጥድና፣ ለማን እንደማበስል ግራ ይገባኛል።