ጭብጨባውን ያስቆመው ፊሽካ

ቴሌቪዥኑ የዓለም እግር ኳስ አለቆችን ባሳየ ቁጥር፣ ሱፍ የለበሱ ሰዎች እየተሳሳቁ ተጨባብጠው «ራሳችንን እናርማለን» ባሉ ቁጥር፣ ትዝ የሚለኝ አጎቴ ነው።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ መነጽር ይሠራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የእግር ኳስ ዳኛ ነበር። እነዚህ ሁለት ሥራዎች አንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው ከሁሉ በላይ የጠቀመው ተመልካቹን ነው። ፍፁም ቅጣት ምት በከለከላቸው ቁጥር ከአጥሩ ማዶ «ለሰው ሁሉ እየሠራህ ለራስህ ነፈግህ?» ይሉታል። ቅጽል ስሙም «መነጽር» ሆኖ ቀረ። ከሰዳቢዎቹ ብዙዎቹ ሰኞ ሱቁ መጥተው ዓይናቸውን ያስለኩ ነበር። እሱም ለክቶ ሲጨርስ ረጋ ብሎ «አሃ፣ ቅዳሜ እንደዚያ ያየኸው ለካ በዚህ ነው» ይላቸዋል።

ሱቋ ጠባብ ናት። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ነው የሚያወራው። መስኮቱ ሥር የሚሽከረከር ድንጋይ አለ፤ አጎቴ እሱ ላይ ተጎንብሶ የመስታወቱን ጠርዝ ይሞርዳል፣ ውሃ ጠብ ያደርግበታል፣ ወደ ብርሃን ያነሣና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያየዋል። ጣቶቹ ላይ ነጭ ዱቄት አይጠፋም። ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ስመጣ አቅፎ ስሞኝ ሲለቀኝ የጣቶቹ ምልክት ኮቴ ላይ ይቀራል። ዛሬም ጥቁር ኮት ስለብስ እጄ ሳላዝዘው ትከሻዬን ያራግፋል።

ጉልበቱ እምቢ ሲለው መሮጡን ተወ፤ ሜዳውን ግን አልተወም። የከተማው ፌዴሬሽን ታዛቢ አደረገው። ታዛቢ ማለት ሜዳው ዳር ጠረጴዛ ተሰጥቶት የዳኞቹን ሥራ የሚከታተል ሰው ነው። ሐሙስ ስልኩ ይጮኻል፤ ቅዳሜ የትኛው ሜዳ እንደተመደበ ይነግሩታል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሌላ ሰው ነው። ያፏጫል፣ ጫማውን ይወለውላል፣ ባለቤቱን «እመቤቴ» ይላታል። ስልኩ ዘግየት ካለ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ሰው አያናግርም። «የእኔ ባል ሐሙስ ተወልዶ እሑድ ይሞታል» ትል ነበር አክስቴ፣ ባለቤቱ ማለቴ ነው።

ያንን ስልክ የሚያስደውለው የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነው። በወጣትነቱ እንኳን ኳስ ነፋስ አያሳልፍም የተባለለት ተከላካይ ስለነበር «ግንቡ» ይሉታል። ፕሬዚዳንት ሆኖም ማሳለፍ አልሆነለትም፤ ወንበሩ ላይ እንደተተከለ ፀጉሩ ሸበተ። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ለቅሶ ቤት ቀድሞ ይደርሳል፣ የሁሉንም ልጆች በስም ይጠራል። ጉባኤው ግን አንድ ልማድ ነበረው። የምርጫ ቀን ሲደርስ ከፊት ወንበር አንድ ሽማግሌ ይነሡና «ባለን እንቀጥል» ይላሉ፤ አዳራሹ ያጨበጭባል፤ ምርጫው አለቀ። መቼም አጨብጫቢን ቆጥሮ የሚያውቅ የለም። «ለውጥ ያስፈልገናል» የሚል ደፋር ከመጣም መልሱ ተዘጋጅቷል። የለውጥ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ሰብሳቢው ራሱ ግንቡ ይሆናል፤ ኮሚቴው እስከ ዛሬ በጥናት ላይ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወጣት ዳኞች ሱቁ መጡ። ግማሾቹ ውጭ ቆሙ። ጉባኤው ላይ ዳኞች ጥቂት መቀመጫ አላቸው፤ አንጋፋው ተወካያቸው አጎቴ ነው። የተናገረችው ሁሉም «ፈጣኗ» የሚላት ሴት ዳኛ ነበረች።

«ጋሼ፣ ምርጫው በሚስጥር ድምፅ ይሁን ብለው ይጠይቁልን። ደንቡ አይከለክልም።»

«እናንተስ አፍ የላችሁም?»

«እኛ ከተናገርን በነጋታው ጨዋታ አይሰጠንም።»

«እኔስ? ለእኔ ግንቡ የአክስቴ ልጅ ነው?»

ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ መስታወቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ሲያይ ቆየ። በመጨረሻ «ስጠይቅ ትደግፉኛላችሁ?» አለ።

«ምን ነካዎት ጋሼ፣ እንዴታ» አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ።

ቤት ሲገባ ነገሩን ለአክስቴ ነገራት። እኔም ነበርኩ። እጇ ላይ የነበረውን ፎጣ አጥፋ ወንበሩ ላይ ሰቀለችው።

«የሹም ዶሮ ናት እሽ አትበሏት ሲባል አልሰማህም?»

«ዶሮዋ እኮ የእኛ ናት።»

«የእናንተ ከሆነች ለምን እሱ ጋ ታድራለች? ስማኝ ሰውዬ፣ ቅዳሜህን ነው የሚወስዱብህ።»

አጎቴ ሻዩን አማሰለ፤ ስኳር ግን አልጨመረበትም ነበር።

የጉባኤው ዕለት በመኪናዬ አደረስኩትና ከኋላ የእንግዶች መቀመጫ ላይ ቁጭ አልኩ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ተወካይ አብዛኛው የድሮ ተጫዋች ነው፤ ቦርጩና ራሰ በራው አይጣል ነው። ሪፖርቱ ተነበበ፣ የፊት ወንበሩ ሽማግሌ ተነሡ፣ «ባለን እንቀጥል» አሉ። አጎቴ እጁን አወጣ። ግንቡ አየው፤ አይቶም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ጭብጨባው ተጀመረ። አጎቴ ብድግ አለ፤ ማንም አላየውም። ጭብጨባው ደመቀ።

እየማለ እንደሚነግረኝ፣ አስቦበት አልነበረም። እጁ ኪሱ ገባ፣ ከዳኝነት ዘመኑ ጀምሮ ከኪሱ የማትለየውን ፊሽካ አወጣ፣ ነፋ።

አዳራሹ ቀጥ አለ። እነዚያ ሁሉ ያረጁ እግሮች፣ ያረጁ እጆች፣ ባሉበት ደረቁ። በወንበሮቹ መካከል ሻይ ይዞ ይሄድ የነበረ የድሮ አጥቂ አንድ እግሩን እንዳነሣ ቀረ። ግንቡ ደግሞ፣ ይህን እስከምሞት አልረሳውም፣ ሁለት እጆቹን ከፍ አድርጎ መዳፎቹን አሳየ። «አልነካሁትም» ማለቱ ነው። የሆነው ሲገባው ቀስ አድርጎ አወረዳቸው።

«ክቡር ፕሬዚዳንት» አለ አጎቴ፤ «ጭብጨባ ለጎል ነው። ምርጫ በሚስጥር ድምፅ ይሁንልን። ሌላ የምለው የለኝም።»

ግንቡ ሳቀ። ከልቡ ነበር የሳቀው። «መነጽር ወዳጄ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው። እኛ እኮ ዴሞክራቶች ነን። ምርጫው በሚስጥር ይሁን የምትሉ፣ እስቲ እጃችሁን አውጡ።»

በሚስጥር ለመምረጥ በግልጽ መምረጥ። ተንኮሉ ወዲያው ገባኝ፤ አጎቴ ግን ዳኞቹ የተቀመጡበትን ወንበር እያየ ስለነበር ቆይቶ ነው የገባው። የእሱ እጅ ወጣ። ሌላ አልወጣም። አንዱ ወጣት ዳኛ የጫማውን ክር ያስር ጀመር፤ ጫማው ክር አልነበረውም። ፈጣኗ ወረቀት ላይ አቀርቅራለች፤ ጆሮዋ ቀልቷል። ግንቡ ቀና ብሎ አዳራሹን አንዴ አየና «አንድ» አለ። ጭብጨባው ካቆመበት ቀጠለ።

መኪና ውስጥ «አዘንክባቸው?» አልኩት።

«ምን ያድርጉ? ሁሉም ቅዳሜ አላቸው» አለ።

ሐሙስ ስልኩ አልጮኸም። «አንቺ፣ ይህ ስልክ ይሠራል?» አለ። አክስቴም «ጠዋት ከእህትህ ጋር ያወራኸው በምንድን ነው?» አለችው። የሚቀጥለውም ሐሙስ እንደዚያው አለፈ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት መዋል ሲጀምር ማድ ቤት ገብቶ ድስቶቹን በቁመታቸው ደረደረ፤ ጎረቤት ከጎረቤት ሲጋጭ በመስኮት ብይን ሰጠ። በመጨረሻ አክስቴ ኮቱን አምጥታ ትከሻው ላይ ጣለችለት። «ሂድ፣ ትኬት ቆርጠህ ግባ። ይህ ቤት ዳኛ አልጠየቀም።»

ሄደ። መጀመሪያ ላይ አፈረ፤ ባርኔጣውን ዓይኑ ድረስ ደፍቶ አጥሩ ጥግ ቆመ። ወዲያው አወቁት። «መነጽር፣ በስተርጅና ወደ እኛ ወረድህ?» አሉና ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡት። ዳኛ ሲሰደብ ዝም ይላል፤ ብቻ ተሳዳቢው ደንቡን ከሳተ ያርመዋል። «ስድብህ ጥሩ ነው፤ ግን ያ ከጨዋታ ውጪ አይደለም» ይለዋል። ጠረጴዛው ይናፍቀው እንደሆነ ጠይቄው አውቃለሁ። «ይናፍቀኛል እንጂ» አለኝ። አልዋሸም፤ አንዳንዴ ታዛቢው የሚቀመጥበትን ቦታ ሲያይ ዓይኑ ይዘገይ ነበር።

ዘመኑ አልፎ ሌላ ምርጫ መጣ፤ አጎቴ ከተወካይነት ከወረደ ቆይቷል። ከጉባኤው በኋላ ባለችው ቅዳሜ አብሬው አጥሩ ሥር ቆሜ ሳለ ፈጣኗ መጣች። መለያ አልለበሰችም፤ ተራ ሹራብ ነው የለበሰችው። እጇ ላይ የመግቢያ ትኬት አለ።

አጎቴ አያት። «ዛሬ አልተመደብሽም?»

«ስልኬ አልጮኸም።»

ትኬቷን አየ። «ጠየቅሽ እንዴ?»

«ጠየቅኩ።»

«ተሸነፍሽ?»

«ተሸነፍኩ። ግንቡ በእጅ ነው ያስመረጠን፣ እንደ እርስዎ ጊዜ። ግን ጋሼ፣ ዘንድሮ መቁጠር አስፈለገው።»

«ምኑን?»

«እጆቹን ነዋ። ቆጠረ። ከዚያ ራሱንም ተጠራጠረና እንደገና ቆጠረ።»

አጎቴ ወደ ሜዳው ዞር አለ። ቡድኖቹ ወደ ሜዳ እየገቡ ነበር። አጠገቡ የቆመውን ሰውዬ በክርኑ ነካ አደረገው።

«ወንድሜ፣ እባክህ ጠጋ በልልን» አለው። «ሰው መጥቶብናል።»