ሸራ ለብሰው የተጓዙት አራት ጎማዎች

ያኔ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ባሌ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ላይ ትቶልኝ የሞተውን የጎሚስታ ቤት ይዤ ስድስተኛ ክረምቴ። በዚያ ዕድሜ ሰው ለሞኝ ያዝናል ይላሉ። እኔ ግን አልዋሽም፣ ንቀት ነው የሚመጣብኝ፤ በተለይ ሞኙ ሽቶ ተቀብቶ ሲመጣ።

ዋርሳዬ፣ የባሌ ታናሽ ወንድም፣ ከአዲስ አበባ ፒክአፕ ገዝቶ መጣ። ለመኪናው ሁለት ዓይነት ሙሉ ጎማ ነበረው፣ አራት አራት፣ ከነቸርኬያቸው፤ አንዱ ለአስፋልት፣ ሌላው ጥርሱ ያገጠጠ፣ ለጭቃ። የአስፋልቶቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ ሆዳቸው ውስጥ ሴንሰር አላቸው፤ የነፋሳቸውን ልክ መሪው ፊት ያለው ስክሪን ላይ ይጽፋል። የጭቃዎቹ ይህ ስለሌላቸው፣ እነሱን ሲያስር ቢጫ መብራት ይበራበታል። ያቺ መብራት እንቅልፍ ነሳችው። የእናቱ ዓይን ሁለት ዓመት ሙሉ በሞራ ሲጋረድ ግን ደህና አድርጎ ይተኛ ነበር።

አማቴ፣ የእሱ እናት፣ የሚኖሩት ከአጋሮ አልፎ፣ ወደ ጌራ በሚወስደው መንገድ ነው። የዓይን ሞራ በነፃ የሚገፍፉ ሐኪሞች ለአንድ ሳምንት ጅማ መጥተው፣ የእሳቸው ተራ የመጨረሻው ቀን ላይ ዋለ፤ ዓርብ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ያ ካለፈ ለመቼ እንደሚባል የሚያውቅ የለም። መንገዱ በክረምት የጭቃ ጎማ ይፈልጋል። ስለዚህ ዋርሳዬ ሐሙስ ዕለት አራት ሴንሰር ገዝቶ ደጄ ቆመ።

የጭቃዎቹን ጎማ ከቸርኬያቸው ገልጬ፣ የድሮውን ቫልቮላ፣ የነፋስ መሙያዋን፣ ቆርጬ፣ አውራ ጣት የምታህለውን ሴንሰር ከነቫልቮላዋ አሰርኩ። እሱ በስልኩ እየቀረጸኝ ከላዬ ቆሟል።

“እትዬ፣ ቀስ! ይሄ የአይሱዙ ጎማ አይደለም።”

“ዝም በል፤ ሱሪ መታጠቅ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።”

ካርቶኑ ውስጥ ወረቀት ነበር። እንግሊዝኛው አይገባኝም፤ ስዕሉ ግን ይናገራል። መኪና ቆሟል፣ አጠገቡ አሮጌ ጎማዎች ተደርድረዋል፣ በላያቸው ትልቅ ቀይ ኤክስ። ቀጥሎ ጎማዎቹ የሉም፤ መኪናው ብቻውን ይሄዳል።

“አሮጌዎቹን፣ የአስፋልቶቹን፣ አርቃቸው ነው የሚለው” አልኩት። “መኪናው አዲሶቹን እስኪለምድ የድሮዎቹን መስማት የለበትም። እዚህ ተዋቸውና ዓርብ ትወስዳለህ።”

“እዚህ?” ዙሪያውን አየ። “እዚህ ሰፈር? ነገ ቸርኬዬን ገበያ ላይ ልግዛው?”

የሞተው ወንድሙ ቤት ነው እንግዲህ። አራቱንም የአስፋልት ጎማ ከኋላ ጫነና ሸራ አለበሳቸው። ከዚያ ጠርቶ ስክሪኑን አሳየኝ፤ ቢጫዋ ጠፍታለች፣ አራቱም ጎማ ሠላሳ ሁለት።

“አየሽ? በስዕል የሚሠራ ነገር አይደለም።”

እኛ ጎማ በብረት መትተን ነው የምናውቀው፤ የሞላው ይጮሃል፣ የጎደለው ድምፁ ይታፈናል። ዓርብ ጎህ ሲቀድ፣ አማቴን ለማምጣት አብረን ሳንነሳ፣ ብረቴን ባነሳ “ተይ እባክሽ፣ ሰው እንዳያየን!” አለኝ። ብረቱን ወንበሬ ስር አስቀመጥኩት። ይህችኛዋ ጥፋት የእኔ ናት።

ጭቃውን ደህና አለፍነው። አማቴን ይዘን ስንመለስ፣ አጋሮን አልፈን ግማሽ መንገድ ላይ፣ መኪናው በቀኝ በኩል ከኋላው ይወዛወዝ ጀመር። በመቀመጫዬ ተሰማኝ።

“ቁም! ጎማ ወርዷል።”

ስክሪኑን በጥፍሩ ኳ ኳ አደረገ። “ሠላሳ ሁለት። ቁጥርም ጠፋሽ?”

ከኋላ ወንበር አማቴ፣ የማያዩት፣ “ኢልማ ኮ፣ ዻቢ!” አሉ። “አቁም ልጄ! እንደሚያነክስ በቅሎ እየሄደ ነው።”

“እማ፣ አንቺ ደሞ! ኮምፒውተር እኮ ነው።”

ኮምፒውተሩ ሠላሳ ሁለት እንዳለ ጎማው ተበጣጠሰ፤ ቸርኬው አስፋልቱን ሲፍቅ ቆመ። ወርዶ ጎማውን አየ። ተመልሶ ስክሪኑን አየ። እኔ ወደ ኋላ ዞሬ ሸራውን ገለጥኩና የአንዱን ጎማ ቫልቮላ በጥፍሬ ተጫንኩ። ነፋሱ ፉስ ሲል ስክሪኑ ጮኸ። መኪናው መንገዱን ሙሉ ሲያዳምጥ የኖረው እነዚያን የተኙትን ነበር፤ መሬት የረገጡትን አያውቃቸውም።

“ክሪኩን አምጣ።”

ሸራውን መልሶ ማልበስ ጀመረ።

“መኪናውን ማንሻ፣ ክሪክ! የት አለ?”

“ለጎማዎቹ ቦታ እንዲገኝ ብዬ... ቤት ነው።”

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት አልፏል። አማቴ ሰዓቱን አልጠየቁም፤ መቁጠሪያቸውን ነው ያፈጠኑት። መጨረሻ ላይ ጣውላ የጫነ አንድ አይሱዙ ቆመልን። ሾፌሩ ክሪኩን እያቀበለኝ ወደ ዋርሳዬ ዞረና፣ “አንተ፣ ይሄን ሁሉ ጎማ ጭነህ በቸርኬ ነው የምትሄደው?” አለው። በክረምት ብርድ ላብ ሲያጠምቀው አየሁ፤ ደስ አለኝ። ብሎኖቹን ፈትቼ ከተጫኑት አንዱን አሰርኩ። ያኔ ቀና ብሎ “እትዬ፣ በብረቱ ምቺው” አለ።

ሐኪሞቹ ዘንድ ስንደርስ ነርሷ የተራ ዝርዝሩን አጣጥፋ ልትነሳ ነበር። የአማቴን ክንድ ይዤ እየጮህኩ ገባሁ፤ ተቀበሉን።

በማግስቱ የቀኝ ዓይናቸው ፋሻ ተፈታ። ዋርሳዬ መኪናውን አሳጥቦ፣ በሩን ከፍቶ ደጅ ይጠብቃቸዋል። አማቴ ልጃቸውን አዩት፤ ግንባሩን ሳሙት፤ መኪናውንም ዞረው አዩት። ከዚያ ባጃጅ አስቁመው መናኸሪያ ሄዱና፣ በአጋሮ ሚኒባስ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው አገራቸው ገቡ።