ሦስት ጊዜ የተጠራው ስሜ

ሁለት የነፍስ አባቶች ሞተውብኝ አሁን ሦስተኛው ላይ ነኝ። ለሦስቱም ጾም መግደፌን፣ ሐሜቴን፣ በከንቱ መማሌን ተናግሬአለሁ። አንዷን ነገር ግን ለማናቸውም አልተናገርሁም። እሷ ዘንድ ስደርስ ጉሮሮዬን ጠራርጌ ዘልያት አልፋለሁ። ዛሬ ለእናንተ እነግራችኋለሁ፤ ምናልባት ፊታችሁን ስለማላየው ይሆናል። እኔ ሽብሩ፣ ከእናቴ ልጅ ይልቅ የቀረበኝ ሰው በሕዝብ ፊት ስሜን ሲጠራ፣ እየሰማሁ፣ አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት ቆሜ፣ ዝም ብያለሁ።

ጊዜው ጣሊያን ሊመጣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። አዳማ ያን ጊዜ ባቡሩ ሲቆም ከተማ፣ ባቡሩ ሲሄድ ሜዳ ነበረች። እኔ ከቡልጋ ስወርድ ዳዊት ደግሜ፣ የእጅ ጽሕፈቴ አምሮ፣ ከእንግዲህ እርፍ አልጨብጥም ያልሁ ጎረምሳ ነበርሁ። የምፈልገው የመንግሥት ሥራ ነው። የመንግሥት ሥራ መፈለግ ማለት ደግሞ ደጅ መጥናት ነው። ማለዳ ተነሥቶ ከሹሙ በር ይቆማል፤ በቅሎው ብቅ ስትል እጅ ይነሣል፤ ከበቅሎዋ ጎን እስከ ገበያው ድረስ ይሮጣል። ሹሙ ደስ ያለው ቀን «ይታይልሃል» ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ «ይታይልሃል» ተባልሁ። ምኑ እንደሚታይ፣ ማን እንደሚያየው ግን አልታወቀም።

ገመዳን ያገኘሁት እዚያው ደጅ ላይ ነው። የአዋሽ ዳር ገበሬ ልጅ ነበር። ከቄስ ዘንድ ፊደል ቆጥሯል፤ ኦሮምኛውም አማርኛውም እኩል ይቀናዋል። እኔ የቆምሁት ለማዕረግ ነው፤ ሰው «ጌታው» እንዲለኝ። እሱን ግን አባቱ የላኩት «አንድ የመንግሥት ሰው ያለበት ቤት መሬቱ አይደፈርም» ብለው ነው። ያን ጊዜ መሬት በቃላድ ገመድ እየተለካ ከአንዱ ተነሥቶ ለሌላው ይሰጥ ነበርና ሽማግሌው እውነታቸውን ነው።

ሁለታችን የአንድ ቆዳ ነጋዴ መጋዘን ጥግ ላይ እናድር ነበር። ንጹሕ ኩታ ለሁለታችን አንድ ብቻ ነበረን። ቆዳ ቆዳ እንዳይሸት ውጭ ግራር ላይ ሰቅለን እናሳድረዋለን። አንድ ቀን እሱ ባቡር ላይ ቆዳ ሲጭን እኔ ኩታውን ለብሼ ደጅ እጠናለሁ፤ በማግሥቱ እኔ እጭናለሁ፣ እሱ ይለብሳል። ስምምነታችን ይህ ነበር። እውነቱን ከተናገርሁ ግን የመጫን ተራዬ በደረሰ ቁጥር ወገቤን ያመኝ ነበር። ገመዳ «ቶሌ፣ እሺ፣ ተኛ አንተ» ይለኝና የኔንም ቀን ይጭናል። በላሁት፤ የሰው ላብ በላሁ፤ አላፈርሁም።

ከዕለታት አንድ ቀን ለስልክ ቤቱ አንድ ስልከኛ ይፈለጋል ተባለ። በስልክ ቤት የመንግሥት ምስጢር ስለሚያልፍ የሚቀጠረው ሰው ዋስ ያስፈልገዋል። ዋሱ በቀጠሮው ቀን እዚያው ተገኝቶ፣ ስሙ ሲጠራ «አለሁ» ብሎ፣ ሰውዬው ቢጠፋ በሱ ፈንታ ሊታሰር ቃል ይሰጣል። እኔና ገመዳ ቀድሞ ለተጠራው ሌላው ዋስ ሊሆን ተማማልን። መሐላውን ያነሣሁትም እኔ ነኝ።

የቀጠሮው ቀን ኩታውን የመልበስ ተራ የሱ ነበር። «ሁለት ዓመት የቆምህ አንተ ነህ፤ ቀድመህ የምትጠራው አንተ ነህ» ብሎ በገዛ እጁ አለበሰኝ። እሱ ቆዳ የሚሸከምበትን ጋቢ ደርቦ መጣ። የሹሙ አጋፋሪ ከስልክ ቤቱ በረንዳ ላይ ቆሞ «ገመዳ!» ሲል ጆሮዬን አላመንሁም። ከመጣ ዓመት ያልሞላው ገመዳ? ሹሙ ሁለት ቋንቋ የሚችል ሰው ፈልጎ ኖሯል። እኔን ሁለት ዓመት ከበቅሎው ጋር ሲያስሮጠኝ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው? ተከዳሁ አልሁ። በሹሙ ተከዳሁ፤ በጽሕፈቴ ተከዳሁ፤ ምንም ባላደረገኝ በገመዳም ተከዳሁ አልሁ።

«ዋስ ጥራ» አለው ሹሙ።

«ሽብሩ፣ የቡልጋው» አለ ገመዳ፣ ምንም ሳያመነታ።

አጋፋሪው «ሽብሩ!» ብሎ ተጣራ። አሁን አለሁ እላለሁ ብዬ አሰብሁ። «ሽብሩ!» አለ ዳግመኛ። ኩታውን ሳብ አድርጌ አፍንጫዬን ሸፈንሁ። «ሽብሩ የቡልጋው!» አለ ሦስተኛ። ኩታውን እስከ ዓይኔ ሳብሁት። ያለበሰኝን ኩታ! አጠገቤ የቆሙ አንድ ሽማግሌ «አንተ ልጅ፣ ይህ ያንተ ስም አይደለም?» አሉኝ።

«ስም ይመሳሰላል፣ አባቴ» አልኋቸው።

ጴጥሮስ እንኳ ፈርቶ ነው የካደ። እኔን ማን አስፈራራኝ? ማን ሰይፍ መዘዘብኝ? እሱ ካለፈ እኔ እቀራለሁ፣ እሱ ከቀረ እኔ አልፋለሁ ብዬ፣ አስቤ፣ መዝኜ ዝም አልሁ። ሹሙም «ዋስ ያጣ ሰው ምስጢር አይጣልበትም፤ በሳምንቱ ሌላ ሰው ይቅረብ» ብሎ ተነሣ። ወደ መጋዘኑ ስንመለስ ሆዴን ቆርጦኝ ወደ ወንዙ ወርጄ ነበር አልሁት። ገመዳ አልተቆጣም። ኩታውን ተቀበለኝ፣ አራገፈና ግራሩ ላይ ሰቀለው።

በሳምንቱ ሁለት ቋንቋ የሚችል ሌላ ሰው ስለጠፋ በጽሕፈቴ የተጠራሁት እኔ ነበርሁ። «ዋስ ጥራ» አሉኝ። ማንን ልጥራ? በምን አፌ? ገና ሳልናገር ከኋላዬ «እኔ አለሁ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ገመዳ ከጭነት ላይ እንደመጣ ነበር፤ ትከሻው ላይ የቆዳው ጠጉር አልረገፈም። «ሽብሩ ቢጠፋ እኔ እታሰራለሁ፤ ምስጢር ቢያወጣ እኔ እጠየቃለሁ» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። ግን አልዋጠችኝም፤ ገባሁና ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ።

ያ ወንበር ምን ነበር? አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የስልክ ሣጥን፣ ቀኑን ሙሉ «አቤት! አቤት!» ማለት። አንዴ ስጠራ አቤት ያላልሁት ሰው ዕድሜዬን አቤት ስል ልኖር ነው። ደመወዝህ በባቡር ይመጣል ተባልሁ፤ ባቡሩ መጣ፣ ደመወዙ አልመጣም። የሹሙን ጃንጥላ ያዝሁ፣ በቅሎውን ጠበቅሁ፣ ለሚስቱ ዘመዶች ደብዳቤ ጻፍሁ። «ለዚህ ነው እንዴ?» እል ነበር። ተታለልሁ፣ ተከዳሁ እያልሁ አማርር ነበር። አዎን፣ ከዳተኛው እኔ!

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ትእዛዝ በስልክ መጣ፤ በእጄ ጻፍሁት። ከአዋሽ ዳር ያሉ መሬቶች ሊለኩ ነው፤ ባለመሬት ነኝ የሚል የገበረበትን ወረቀት ይዞ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይቅረብ፤ ያልቀረበ መሬቱ ጠፍ፣ ባለቤት የሌለው ይባላል፣ ይላል። ይህ በገበያ ቀን መታወጅ ነበረበት። ሹሙ አንብቦ መለሰልኝና «እስክነግርህ ድረስ ከመሳቢያህ አይውጣ» አለኝ። አልወጣም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ገመዳ አባቱ የላኩልኝን ወተት በጮጮ ይዞልኝ መጣ። ዘወትር እንደሚያደርገው ቤተሰቤን ሁሉ በየስሙ ጠይቆ ሲያበቃ «መሬት ይለካል የሚል ወሬ አለ፤ በስልኩ የሰማኸው ነገር አለ?» አለኝ። ጉልበቴ መሳቢያውን ይነካ ነበር።

«ምንም አልሰማሁም» አልሁት።

ለራሴ የነገርሁትን ልንገራችሁ፤ ምስጢር ባወጣ የሚታሰረው ዋሴ ነው፣ ዋሴ ደግሞ ገመዳ ነው፣ ስለዚህ ዝም ያልሁት ለሱው ብዬ ነው አልሁ። እንዲህ ያለ ምክንያት ማን አስተማረኝ? እውነቱ ሌላ ነው። ያንን ወንበር፣ ያን የጠላሁትን ወንበር እንዳላጣ ፈራሁ። ወተቱን ጠጣሁት።

አሥራ አምስቱ ቀን አለፈ። የገመዳ አባት መሬት ጠፍ ተባለ፤ ለሹሙ አማች ተሰጠ። ከወር በኋላ ገመዳ መጣ፤ አልተቀመጠም። «ዋስነቴን ላወርድ ነው የመጣሁት። ሽማግሌውን አባቴን ይዤ ወደ ዝዋይ፣ አጎቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ሩቅ ያለ ሰው ዋስ አይሆንም» አለኝ።

«ገመዳ፣ ያን ቀን ስሜ ሲጠራ እኔ...» ብዬ ጀመርሁ።

«አይቼሃለሁ» አለኝ። «ኩታውን እስከ ዓይንህ ስትስበው አይቼሃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዋስ ሆንኸኝ?»

«የማልሁት በኔ አፍ ነው። ያንተ አፍ ቢዘጋ የኔ ለምን ይዘጋል?» አለ። ቆየና ደግሞ፣ «አሁን አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ወተቱን ባመጣሁልህ ቀን ወረቀቱ እዚህ ነበር?»

አዎን ለማለት አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ዝም አልሁ። ጠበቀኝ፤ ሹሙ ስሜን ካስጠራበት ጊዜ ይልቅ ረጅም ጊዜ ጠበቀኝ። ከዚያ «የእናቴን ጮጮ ስጠኝ» አለ። አጥቤው ነበር፤ ሰጠሁት። በብብቱ ይዞት ወጣ።

ያንኑ ቀን ሹሙ በረንዳው ላይ አቆመኝ። «ዋስህ ወርዷል፤ ሌላ ዋስ ጥራ» አለ። ግቢው በደጅ ጠኚ ሞልቷል፤ አብዛኞቹን በስም አውቃቸዋለሁ። ሽማግሌው፣ እኒያ «ያንተ ስም አይደለም?» ያሉኝም ቆመዋል። ዓይኔን ሳነሣ ሁሉም ወደ መሬት ያያሉ። አጋፋሪው «ማንን ልጥራልህ?» አለኝ። የምሰጠው ስም አልነበረኝም። ወንበሩ ላይ በማግሥቱ ሌላ ሰው ተቀመጠ።

ወደ ዝዋይ መንገዱ የጥቂት ቀን ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ አንድም ቀን አልሄድሁም። መጀመሪያ አፈርሁ፣ ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ፣ ቀጥሎ አረጀሁ፤ ምክንያት ጠፍቶብኝ አያውቅም። ከእናንተ መካከል «ልጅ ነበር፣ ቸግሮት ነው» የሚል ደግ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እባካችሁ አትበሉ። ለኔ ማንም አይነሣልኝ፤ ዋስ አልጠራሁም።