የእንጥል ቆራጩ ቃል

ብቸናና ዙሪያዋ ካለው ጎልማሳ ግማሹ አያ ፋንታን መንገድ ላይ ሲያይ ሳያውቀው ጉሮሮውን ይዳብሳል። ቢዳብስ አይፈረድበትም። ገና የእናቱን ወተት ሲያገሳ እኒህ ሰው በግራ እጃቸው ምላሱን ተጭነው፣ በቀኛቸው ጫፏ ቆልመም ያለች ቀጭን ቢላዋ ይዘው እንጥሉን ቆርጠውታል። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራቸው ይኸው ነበር። ሕፃን ጡት እምቢ ሲል፣ ሲያስለው፣ ሲያስመልሰው፣ "እንጥሉ ወርዶበት ነው፣ ወደ አያ ፋንታ ውሰዱት" ይባላል። ይወስዱታል፣ አያ ፋንታ ይቆርጣሉ፣ ይመርቃሉ። ልጁ ከዳነ እጃቸው የተባረከ ነው፤ ከሞተ እግዜር ጠርቶታል። እንዲህ ያለ የተመቸ ሙያ ከየት ይገኛል!

ሙያው ግን ከአባታቸው የወረሱት አንድ ሕግ ነበረው። ቆራጭ የገዛ ልጁን አይቆርጥም። የአባት እጅ ይፈራል፣ የፈራ እጅ ልኩን አያውቅም ይባላል። ስለዚህ የአያ ፋንታን ልጆች የሚቆርጡት ከወንዙ ማዶ የሚኖሩት የሙያ ባልንጀራቸው አያ ገላው ነበሩ፤ የአያ ገላውን ልጆች ደግሞ አያ ፋንታ ይቆርጣሉ። ከአያ ፋንታ አራት ልጆች ሦስቱ በዚህ ሕግ አለፉ። አራተኛዋ ስርጉት ናት።

ስርጉት ስትናገር ድምጿ በአፍንጫዋ ይወጣል። ሕፃን ሳለች የጠባችው ወተት በአፍንጫዋ ይመለስ ነበር። ትምህርት ቤት ቆማ ስታነብ ክፍሉ ይስቃል፤ እሷ ያነበበችውን ጨርሳ ትቀመጣለች እንጂ አታለቅስም። የምታለቅሰው እናቷ ይርጋነሽ ነበረች። አልቅሳም አትቀር፣ "ገላው እጁ ይሰበር፣ ልጄን እስከ ላንቃዋ ሸረከታት" ትላለች። ወሬው ወንዙን ተሻገረ። ለአያ ገላው ልጁን የሚሰጥ ጠፋ፣ ቀስ በቀስም ደጃቸውን የሚረግጥ ጠፋ። እሳቸውም መሬታቸውን ለወንድማቸው ትተው ሞጣ ገቡና ሸማ እየሠሩ መኖር ጀመሩ። አያ ፋንታ ይህን ሁሉ እያዩ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ይርጋነሽም ባለፈው ዓመት እርግማኗን እንደያዘች አረፈች።

የስርጉት ትምህርት ደግሞ አያልቅም። ሐኪም ለመሆን ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በጆሮ፣ በአፍንጫና በጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን ሌላ አምስት ዓመት። ባሕር ዳር ስትሠራ ታካሚዎቿ፣ "ዶክተር፣ ጉንፋን ይዞዎታል መሰለኝ፤ ለራስዎም መድኃኒት ይዘዙ እንጂ" ይሏታል። "የቆየ ጉንፋን ነው" ብላ ታልፋለች። በግንቦት ብቸና መጥታ፣ ፌሎሺፕ የሚሉትን አግኝቻለሁ፣ የሕፃናትን የጉሮሮና የላንቃ ቀዶ ሕክምና ልማር ለአንድ ዓመት ደቡብ አፍሪካ ልሄድ ነው ስትል አያ ፋንታ ግራ ገባቸው።

"ጨርሻለሁ አላልሽኝም ነበር?"

"ጨርሻለሁ አባ።"

"እና የጨረሰ ሰው ምን ቀረኝ ብሎ ይማራል?"

የመለሱላቸው ጎረቤታቸው፣ የቅኔ መምህሩ መምሬ ኃይለ ሚካኤል ናቸው። "አንተ ፋንታ፣ ይኸማ ለኛ አገር ምን አዲስ ነገር አለው? ቅኔ ተቀኝቶ፣ መምህር ተብሎ፣ ተማሪ እያለው ሌላ ጉባኤ ቤት ወርዶ ከሌላ መምህር እግር ሥር የሚቀመጥ የለም ወይ? ልጅህ እንደነሱ በሊቅ ፊት ተፈትና ልታስመሰክር ነው የምትሄደው።" አያ ፋንታ ማስመስከርን ያውቃሉ፤ የሚያስመሰክር ሰው ምን ያህል እንደሚከበርም ያውቃሉ። ደስ አላቸው። ደስታቸው ግን ከምሳ በኋላ አልዘለቀችም።

ከምሳ በኋላ ስርጉት ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። የምትሄድበት ቦታ እያንዳንዱ ሐኪም ካገሩ አንድ ጥናት ይዞ እንዲመጣ ይጠይቃል፤ የሷ ጥናት እንጥል መቁረጥ በሕፃናት ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ነው። የምትጠይቀውም ራሳቸውን ቆራጮቹን ነው። "እኛ ጋ የሚመጣው የተረፈው ልጅ ነው። ያልተረፈውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ" አለችና አባቷን ከፊቷ አስቀመጠቻቸው።

ስንት ዓመት እንደሠሩ ጠየቀች፤ ነገሯት። ከማን እንደተማሩ ጠየቀች፤ ነገሯት። ቀጥላም፣ "ከቆረጡ በኋላ ብዙ የደማ፣ ድምፁ የተበላሸ፣ ወይም የሞተ ሕፃን ያውቃሉ?" ብላ አነበበች።

አያ ፋንታ ወደ በሩ ተመለከቱ። "የለም" አሉ።

"አንድም?"

"አንድም። እግዜር ይመስገን።"

እንዳላመነች ያስታውቃል። ልጅ አባቱን ዋሽተዋል አይልምና ያሉትን ጻፈችና ወረቀቱን አጠፈች። "ነገ ሞጣ እሄዳለሁ" አለች። "አያ ገላውን ልጠይቅ ነው። እሳቸው እንኳ የለም ሊሉኝ አይችሉም፤ ማስረጃቸው እኔው ነኝ።"

አያ ፋንታ፣ "አብሬሽ እሄዳለሁ" አሉ፤ ለምን እንዳሉ ራሳቸውም አላወቁትም።

እውነቱ እንዲህ ነበር። ስርጉት በተወለደች በሃያ ቀኗ፣ በነሐሴ፣ ጡት እምቢ አለች። ይርጋነሽ አራስ ናትና አያ ፋንታ ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልለው ብቻቸውን ወደ አያ ገላው ተነሡ። ወንዙ ሞልቷል። ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ አይጎድልም። የሕፃኗ ትንፋሽ ይቆራረጥ ጀመር፤ ክርስትና ሳትነሳ በእጃቸው ላይ ልትሞት ነው። ቢላዋዋ ከወገባቸው አለች። እዚያው ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አፏን ከፈቱ። እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከልኩም አለፈ። ደሙ እስኪቆም ለስንት ታቦት እንደተሳሉ እሳቸውና ታቦታቱ ያውቃሉ።

ቤት ሲመለሱ ይርጋነሽ፣ "ገላው ቆረጠላት?" አለቻቸው። "አዎ" አሉ። ሕጉን አፈረሰ እንዳይባሉ ነበር፤ ስትወጣ ቀላል ቃል ነበረች። ከቀናት በኋላ ወተቱ በልጅቱ አፍንጫ ሲመለስ ግን ቃሏን መመለስ አቃታቸው። ሆድ ይፍጀው አሉ። ሆድ እቴ! ሆድ ምንም አይፈጅም፣ ያስቀምጣል እንጂ።

አያ ገላው ወሬው ሲደርሳቸው አንድ ቀን ወንዙን ተሻግረው መጥተው ነበር። ይርጋነሽ ከደጅ ቆማ ስትረግማቸው እስክትጨርስ ሰሟት። ከዚያ ሕፃኗን ታቅፈው የተቀመጡትን አያ ፋንታን አዩአቸው። አያ ፋንታ መሬት መሬቱን ያያሉ። አያ ገላው ምንም ሳይሉ በመጡበት ተመለሱ።

በማግሥቱ ጠዋት አባትና ልጅ ሚኒባስ ተሳፈሩ። አያ ፋንታ "ደብረ ወርቅ ስንደርስ እነግራታለሁ" ብለው ቆርጠው ነበር። ደብረ ወርቅ አለፈ። ወደ መርጡለ ማርያም የሚታጠፉት ተሳፋሪዎች ሲወርዱ እነግራታለሁ አሉ፤ እነሱም ወረዱ፣ መኪናውም ተነሣ። ቀድማ የተናገረችው ስርጉት ናት።

"አባ፣ ላንቱ ያልነገርሁት ነገር አለ። መጀመሪያ ሞጣ ተመድቤ ስሠራ አያ ገላው ደረታቸውን አሟቸው መጡ። ካርዱ ላይ ስማቸውን ሳነብ ለሌላ ሐኪም ሰጠሁት። በሩ ላይ ቆመው አዩኝና ሰላም አሉኝ። አልመለስሁም።" መስኮቱን ትንሽ ከፈተች። "ሐኪም እንዲህ አያደርግም። የሠሩብኝን ይቅር ባልል እንኳ ያን ሰላምታ መመለስ ነበረብኝ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።"

አያ ፋንታ አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ቃል ግን "አቧራው በዛ፣ መስኮቱን ዝጊው" የሚል ሆነ። እንደዚያን ቀን ራሳቸውን ጠልተው አያውቁም።

አያ ገላውን ሞጣ ያገኟቸው እግራቸውን ሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ውስጥ ከተው፣ እየሳሉ ሲሠሩ ነው። ከስተዋል። "ፋንታ" አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ልጅቱንም አወቋት። ከጉድጓዱ ወጥተው ለሁለቱም መቀመጫ ሰጡ፣ የመጡበትን ሲሰሙም "ጠይቂኝ" አሉ።

ስርጉት ጠየቀች። የሞተ ሕፃን አለ ወይ ስትላቸው አያ ገላው አላመነቱም። "ሁለት ሞተውብኛል" አሉ። ድምፁ የተበላሸስ አለ ወይ ስትል አያ ፋንታን አየት አደረጉና ወደሷ ተመለሱ። "አንቺ አለሽ። ያንቺን ያበላሸሁ እኔ ነኝ። አጥፍቻለሁ።"

ስርጉት ልትጽፍ ጎንበስ አለች።

አያ ፋንታ ዝም ቢሉ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይላል ያገሬ ሰው። ይኸ እሾህ ግን ላላጠረው ሰው ተሰጥቶ ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ ሰውየው ዛሬም እጁን ዘርግቶ ሊቀበለው ነው። ያን ማየት አያ ፋንታን አቃታቸው። ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ።

"ሐሰት ነው" አሉ። "ገላው ጫፍሽን አልነካሽም። የቆረጥሁሽ እኔ ነኝ።" ከዚያ ወንዙን፣ ትንፋሿን፣ እጃቸውን፣ ለእናቷ የመለሱላትን ቃል፣ አንዱንም ሳያስቀሩ በቆሙበት ተናገሩ።

የስርጉት እስክሪብቶ ቆመ። "እማ ታውቅ ነበር?" አለች።

"አታውቅም።"

"ሳታውቅ ሞተች?"

"አዎ።"

ወደ አያ ገላው ዞረች። "ያን ጊዜ ለምን አልተናገሩም?"

"ልናገር ነበር የመጣሁት" አሉ አያ ገላው። "አባትሽ ታቅፎሽ አየሁት። እኔን ብትጠይኝ ባዳ ነኝ፣ ምን ይጎድልብሻል? አባትሽን ብትጠይ ግን ከማን ቤት ታድጊያለሽ? እሱን ሳስብ አፌ ተያዘ።"

ስርጉት ወረቀቱን መሬት አስቀምጣ ተነሣችና የአያ ገላውን ጉልበት ሳመች። "አንድ ቀን ሰላም ብለውኝ አልመለስሁም። ይቅር ይበሉኝ።" አያ ገላውም፣ "እግዜር ይቅር ይበልሽ። ሥራ በዝቶባት ነው ብየ ነበር" አሉ። እንዲያ እንዳላሉ ሦስቱም ያውቃሉ። አያ ፋንታም ከአያ ገላው እግር ሥር ሊወድቁ ጎንበስ ሲሉ አያ ገላው ትከሻቸውን ይዘው አስቀሯቸው። "ተው ፋንታ። ብትወድቅ የማነሣበት ጉልበት የለኝም" አሉ። አያ ፋንታ ያን ሲሰሙ እንደ ልጅ አለቀሱ።

ስርጉት እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው። ከዚያ እንዲህ አለች፦ "ቢላዋውን ይቅር እለው ነበር፣ አባ። ልጅ እጅዎ ላይ ስትሞት ምን ያድርጉ? እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። እናቴ ይህን ሰው ስትረግመው፣ እኔም ከልጅነቴ ስጠላው፣ አብረውን ማዕድ ቀርበው ሰምተዋል። ዝም ብለው ሰምተዋል።"

አያ ፋንታ ተመልሰው መቀመጫቸው ላይ ተቀመጡ።

ሌላ ያልተጻፈበት ወረቀት አወጣች። "የትናንትናው አይሆንም። እንደገና እንጀምር" አለች፤ ያንኑ ጥያቄ እንደማንም ሰው አነበበችላቸው።

አያ ፋንታ ተናገሩ። የዘመነን የበኩር ልጅ ተናገሩ፤ በሦስተኛው ቀን ሞተ። የሀብትነሽን መንታ ተናገሩ፤ አንደኛው ደሙ አልቆም ብሎ፣ እናቱ በነጠላዋ ስታብስ ስታብስ አለፈ። ሁሉንም በወላጆቻቸው ስም፣ በወሩ፣ በበዓሉ ለይተው ያውቋቸዋል፤ አንዱም አልጠፋቸውም። ስድስት ሞተዋል። ድምፃቸው የተበላሸው፣ ስርጉትን ጨምሮ አምስት ናቸው። አያ ገላው አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ። ስርጉት አላቋረጠቻቸውም፤ "ዕድሜው?" "ከስንት ቀን በኋላ?" እያለች ብቻ ጻፈች። ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው መኪና አምልጧታል፤ ሰዓቷን አላየችም።

ሲያበቁ ለሁሉም የምታነበው የመጨረሻ አንቀጽ ቀረ። "የሰጡት ቃል ቢጸጽትዎ እንዲሰረዝ የመጠየቅ ሙሉ መብት አለዎት፤ ምክንያት አይጠየቁም።" መሃል ላይ አቋረጠችና ከመጀመሪያው ደገመችው። "ይሰረዝ?" አለች።

"አይሰረዝም" አሉ አያ ፋንታ። "ከነስሜ ጻፊው።"

"ስም አይጻፍም፣ አባ። ሕጉ አይፈቅድም።"

"እንግዲያው አንቺ እወቂው።"

"አውቄዋለሁ" አለች ስርጉት፤ እስክሪብቶዋንም ከደነች።