ሰማያዊው ወርቅ

ከቱላ ወደ መሃል ከተማ በሚሄደው ባጃጅ አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰዋል። የተበሳው ጆሯቸው እንዳይደፈን ክር አስገብተውበታል። ከጉያቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ትንሽ ብልቃጥ ያወጡና ወደ ፀሐይ አንስተው ያዩታል፤ መልሰው ይጠቀልሉታል፤ ደግሞ ያወጡታል።

ሳፈጥበት አይተው፣ «ወርቅ ነው» አሉኝ። «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሳለች የሠራችው። ለዓይን የማይታይ ስስ ጠፍጣፋ ወርቅ ውሃው ውስጥ አለ፤ ብርሃን ሲያልፍበት ሰማያዊ ይሆናል። በመጀመሪያ ደሞዜ ጉትቻ እስክገዛልሽ ይሄን ያዢ ብላ ሰጠችኝ። ደሞዙን ሳታይ ሄደችብኝ።»

«ቀለሙ እንዲህ ይቆያል?»

«የወርቁ ማዕዘን እየተሸረሸረ ክብ ሲሆን ወደ ቀይ ይሄዳል ብላኝ ነበር።» ብልቃጡን አስጠጉልኝ። «እስቲ እየው ልጄ፣ የኔ ዓይን ደክሟል። አሁንም ሰማያዊ ነው አይደል?»

ውሃው ወይን ጠጅ መስሎ ቀልቷል።

«ሰማያዊ ነው እማማ።»

ቀስ ብለው ጠቀለሉትና ጉያቸው ውስጥ መለሱት።

«ትናንት የጠየቅሁት ልጅም እንዳንተ ደግ ነበር» አሉኝ።