አምስት ሰው ሆነን ያየነው ፊልም

ትኬቶቹን የሰጠችኝ የሥራ ባልደረባዬ ነበረች። በዘጠናዎቹ አጋማሽ ስቶክሆልም ውስጥ፣ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ቤት ውስጥ እየሠራሁ ረዳት ነርስነት እማር ነበር። እሷ ጡረታ ልትወጣ አንድ ዓመት የቀራት ስዊድናዊት ነበረች።

«የእንግሊዞች አስቂኝ የፍቅር ፊልም ነው፤ ትዳራቸው ሊፈርስ ስለደረሰ ባልና ሚስት» አለችኝ። «ጋዜጦቹ ሁሉ አጣጥለውታል። እኔና ባሌ ቅዳሜያችንን አናባክንበትም። እናንተ ግን ገና ወጣቶች ናችሁ።»

ወጣቶችስ ነበርን። ግን ከባለቤቴ ጋር የረባ ነገር ከተነጋገርን ወራት አልፈዋል። ተጣልተን አይደለም። «ዳቦ አለ?» «አለ።» «የልብስ ማጠቢያው ተራችን መቼ ነው?» «ሐሙስ።» በቃ፣ ይኼው ነበር ወሬያችን። አገር ቤት እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር፤ እዚህ ኪስታ በሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይደረድራል። አካላ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ሲመለስ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እኔም በልቤ፣ ሰልችቼዋለሁ አልኩ።

መጋቢት ላይ አንድ ጊዜ ተከራክረን ነበር። እናቱ አርጅተዋል፤ ሄጄ ልያቸው አለ። እኔ ደግሞ ትምህርቴን ልጨርስና በሚቀጥለው ዓመት አብረን እንሄዳለን አልኩት። ብዙ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ እሺ አለ። እኔ ነገሩ በዚያው ያለቀ መስሎኝ ረሳሁት።

ፊልሙን ለማየት የሄድነው በኅዳር ወር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። አዳራሹ ውስጥ እኛን ጨምሮ አምስት ሰው ብቻ ነበር፤ ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት፣ አንዲት ብቻዋን የመጣች ሴት። እሱ እንግሊዝኛውን ይሰማል፣ እኔ ከሥር የሚጻፈውን ስዊድንኛ አነባለሁ። ጋዜጦቹ አልዋሹም። ሰዎቹ ሳህን ይወራወራሉ፣ ይወድቃሉ፣ በር ይደረግማሉ፤ የሚስቅ ግን የለም።

መሀል ላይ ሚስትየዋ ለሥራ ሌላ ከተማ ትሄዳለች። የቤታቸው ድመት ትሞታለች። ባልየው አትክልቱ ሥር ይቀብራትና ሚስቱ እንዳታውቅ ተመሳሳይ ድመት ፍለጋ ከተማውን ያስሳል። ሽማግሌዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ። ባሌ ግን ብድግ አለና ምንም ሳይለኝ ወጣ።

ሽንት ቤት የሄደ መስሎኝ ጠበቅሁት፤ ሲዘገይብኝ ተከትዬው ወጣሁ። ትኬት መቁረጫው አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«አሞሃል?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ ምን ሆንክ?»

ከካፖርቱ የውስጥ ኪስ ጠርዙ ያለቀ ፖስታ አወጣ። የእህቱን የእጅ ጽሑፍ ዐወቅሁት።

«እማዬ አርፋለች» አለ። «ሰኔ ላይ።»

አርባቸው አልፎ፣ ሰማንያቸው አልፎ፣ አምስት ወር ሙሉ መርዶውን ደረቱ ላይ ይዞት ሲዞር ኖሯል። ጩኸቴ እንዳያመልጠኝ ሻርፔን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅሁ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ፣ ሳታያት የቀረኸው በእኔ ምክንያት ነው ብለሽ ራስሽን ትወቅሻለሽ። አንቺ ባትወቅሺ እኔ እወቅስሻለሁ። አፌን ከከፈትኩ ምን እንደምናገር ፈራሁ።»

«ትወቅሰኛለህ?»

ፖስታውን ወደ ኪሱ መለሰው። «አንዳንድ ቀን» አለ።

ባይለኝ እመርጥ ነበር። ግን እውነቱን ነው የነገረኝ፤ አጠገቡ ተቀመጥኩና እጁን ያዝኩት፤ አልነጠቀኝም።

ቤት እንደገባን ቮርቢ ጎርድ በሚባል ሌላ ሰፈር ለሚኖሩ አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እናት ደወልኩ።

«እማማ፣ አምስት ወር ያለፈው ለቅሶ ይቀመጡታል? ሰው ምን ይለናል? እርስዎ ምን ይመክሩኛል?»

«ልጄ፣ ያልተለቀሰ ሞት አሮጌ አይሆንም» አሉኝ። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ እንመጣለን። አንቺ ፍራሹን መሬት ላይ አንጥፊ።»

መጡ። ሃያ ሰው በማትይዝ ሳሎን ውስጥ ተጠጋግተው ተቀመጡ። እማማ ገና ከበር «ወይኔ እናትህ!» ብለው ድምፃቸውን ሲያሰሙ ባሌ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩት ስዊድናዊ ደንግጠው በር አንኳኩ። እናቱ ሞተው ነው አልኳቸው። «መቼ?» አሉኝ። «ሰኔ ላይ» ስላቸው ግራ ገባቸው፤ ግን ወርደው ሻማ ይዘው ተመለሱና ጫማቸውን አውልቀው ከሰዎቹ ጋር ተቀመጡ።

ትዳራችን በዚያ ቀን ዳነ ብል እዋሻለሁ። የበረዶውን ወራት ሙሉ እሱ እያለቀሰ እኔ እየተጸጸትኩ አሳለፍን። አንድ ቀን፣ በማይረባ ነገር ስንጣላ፣ «አንቺ ባትከለክይኝ አገኛት ነበር» አለኝ። ቀኑን ሙሉ አለቀስኩ። በማግስቱ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ እኔም ጠየቅሁት። ዳግመኛ አልተናገረውም።

ትምህርቴን በጨረስኩበት ሰኔ ብቻውን አገር ቤት ሄደ። አብሬህ ልሂድ አላልኩም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ከስድስት ሳምንት በኋላ አውሮፕላን ማረፊያ ስቀበለው ከስቶ፣ ፀሐይ አጥቁሮት ነበር። አውቶቡሱ ገና ሳይንቀሳቀስ ማውራት ጀመረ፤ ስለ መቃብሩ፣ ስለ እህቱ፣ እናቱ በመጨረሻ ሰሞን ስሙን እየጠሩ «የት አለ?» ስለማለታቸው። አካላ ደርሰንም አልጨረሰም። ሻንጣውን ደረጃው ላይ አስቀምጦ ቀጠለ፤ እኔም ቁልፉን እንደያዝኩ ቆሜ ሰማሁት።